በጨርቅ መሀል የተቀዳ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ኢዲልን የተለየናት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ በአባቷ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ለብቻዋ ስትስቅ ነበር። ለብቻው የሚስቅ ሰው ወይ አብዷል ወይ ወዷል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ሁለቱን የሚለይ ሐኪም ገና አልተገኘም። ያሳቃት ሊበን ነው። ከስምንት ወር በፊት ለሥራ ብሎ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረው ሊበን «ዐርብ ሽማግሌ እልካለሁ፤ አጎቴና እናቴ ይመጣሉ፤ እኔም እከተላቸዋለሁ» ብሎ ደውሎላት ነበር። አባቷም «ይምጡ» ብለዋል።

ሐጂ ዐብዲራሕማን «ይምጡ» ማለታቸው እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሐጂ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጡ፣ ሱፍና ፖሊስተሩን በጨለማ በሁለት ጣት አሽተው የሚለዩ ነጋዴ ናቸው። ሊበን ደግሞ ከመልካ ጀብዱ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣች ቀፊራ ገበያ የምትቸረችረው የፋዱማ ልጅ ነው፤ ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ታጥፎ ስልክ ሲጠግን የኖረ። ሐጂ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ያ የስልኩ ልጅ» ይሉት ነበር እንጂ ስሙን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም።

ልጆቹን ያገናኘቻቸው ፀሐይ ናት ማለት ይቻላል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የድሬ ፀሐይ ሰውን ሁሉ እንደ ባለዕዳ ወደየቤቱ ታባርረዋለች። ሱቁ ይዘጋል፤ ባጃጁ ጥላ ይሻማል፤ ወንዱ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ይጋደማል። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ከተማው ትንፋሽ የለውም። በዚያ ሰዓት ኢዲልና ሊበን የሱቁን በር ለወጉ ያህል ገርበብ አድርገው፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ተቀምጠው ድምፅ ይቀዱ ነበር። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፤ ሊበን ይህን ከማንም አልተማረም፤ ሱቁ ውስጥ አንዴ አስነጥሶት ነው ያወቀው።

የሚቀዱት ለስልክ ጌም ነው። የጌሙ ስም «ባቡሩ ዘግይቷል» ይባላል። በሩቅ ኮከብ ላይ አንድ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ባቡሩ አራት መቶ ዓመት ዘግይቷል፤ ጣቢያውን የምትመራው ማሽን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ዘግይቷል አልልም ትላለች። ተጫዋቹ በጣቢያው የቀረ ብቸኛ ተሳፋሪ ነው። ሣጥን እየገፋ፣ መስታወት እያዞረ፣ ሚዛን እያስተካከለ አንዱን በር ከፍቶ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ማሽኗ ከጣሪያው ላይ ትሞልጨዋለች። «ውድ ተሳፋሪ፣ ባቡሩ አልዘገየም፤ አንተ ቸኩለህ ነው የተወለድከው።» ወይም ደግሞ «ይህ ሚዛን ሣጥን ይመዝናል፤ ሰበብ አይመዝንም።» እንቆቅልሹን የሚሠራው ሊበን፣ ስድቡን የምትፈጥረው ኢዲል። ድምፁም የኢዲል ነው፤ ብቻ በኮምፒውተር ታሽቶ የቆርቆሮ ድምፅ ስለሆነ ድሬ በሙሉ ሲጫወተው የሐጂ ልጅ ናት ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ጌሙን አይቶ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሊበንን ወሰደው። ተከታዩን፣ «ባቡሩ ዘግይቷል ሁለት»ን፣ እዚያ ሆኖ ሠራው፤ ኢዲልም ስድቡን ከድሬ እየቀዳች ትልክለት ነበር። ማክሰኞ ወጣ። በዚህኛው ባቡሩ በመጨረሻ ሊመጣ ነው ተባለ። ደግሞም የድርጅቱ ሰዎች «ቆርቆሮው ከአንዳንድ ቦታ ይነሳ፤ ማሽኗ አልፎ አልፎ ሰው ትምሰል» ብለው ነበር። ይህንን ለኢዲል የነገራት ሰው የለም።

*

ረቡዕ በስምንት ሰዓት የሐጂ ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰው ትራስ ተደግፎ ነበር። ኢዲል የበረዶ ውሃ በጆግ ይዛ ስትገባ፣ የሐጂ የእኅት ልጅ ሙስአብ ስልኩን ከስፒከሩ ጋር እያገናኘ ነው። ሙስአብ ሳቢያን ሰፈር የሚመላለስ ሚኒባስ አለው፤ ምላሱ ግን ከሚኒባሱ ይበልጥ ትመላለሳለች።

«ያ ጀማዓ፣ ጸጥ በሉና ይሄን ስሙ» አለ። «ያቺ የባቡር ጣቢያዋ ሴትዮ ተመልሳለች። ሁለተኛው ወጣ።»

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለ አንድ ሸምገል ያለ ጎረቤት።

«ተሳፋሪውን የምትሰድበው።»

«ምን ጉድ ነው፣ እኔ ከቤት የሸሸሁት ስድብ ጠልቼ አይደል?»

ሳሎኑ ሳቀ። ስፒከሩ አንኮራፋና ማሽኗ ጀመረች። «ውድ ተሳፋሪ፣ እንኳን ተመለስክ። ባቡሩም ሊደርስ ነው። ሁለታችሁንም ያሳደጋችሁ አንድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰዓት አታውቁም።»

ሐጂ ሳቁ። ጢማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ኢዲል ጆጉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። አባቷ በእሷ ቀልድ፣ የእሷ መሆኑን ሳያውቁ ሲስቁ ስታይ ፈገግታዋን በጆጉ ከለለች። አንድ ቀን ለአቦ እነግረዋለሁ ብላ አሰበች፤ ዐርብ ካለፈ በኋላ።

ሙስአብ ሣጥን ገፋ፣ በር ተከፈተ፣ ስልኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ሮቦት ብቅ አለ። የጉምሩክ ሹም ነው፤ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ የልብሱን ጫፍ በሁለት የብረት ጣት ይዞ ያሻል። ቆርቆሮው ከማሽኗ ድምፅ ላይ እንደ ልጣጭ ተነሳ። የቀረው የአንዲት ልጅ ድምፅ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው፣ የድሬ ልጅ ድምፅ።

«አቦ ሰው ሲመጣበት መች ሰላም ይላል? የሸሚዙን ጫፍ ይዞ ያሻል እንጂ። ፖሊስተር ከሆነ እጁን ይሰጠዋል። ሱፍ ከሆነ ልጁን ይሰጠዋል።»

ሳሎኑ ፈነዳ። ፈነዳና ደግሞ ከአንዱ ጥግ ጀምሮ እየከሰመ መጣ፤ ምክንያቱም በታይዋን ገበያ የሐጂን ሁለት ጣት የማያውቅ ሰው የለም። በመጨረሻ የሚስቀው ሙስአብ ብቻ ነበር፤ እሱም የሌሎቹን ዓይን አየና ሊያጠፋው ስልኩን ጨበጠ። የተሳሳተ ቦታ ነካ። ድምፁ እንደገና ከመጀመሪያው፣ «አቦ ሰው ሲመጣበት…» አለ።

«አጥፋው» አለ ያ ሸምገል ያለው።

«ተወው» አሉ ሐጂ። «ይጨርስ።»

እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለገች፤ ብታገኝ ትጽናና ነበር። ያገኘችው፣ ሰው መሀል ተቀምጦ ልብሱ እንደተቀደደ አሁን የነገሩት ሰው ፊት ነው።

«በረዶው ቀለጠ» አሉ ቀስ ብለው። «አስቀምጪው።»

ጆጉን አስቀመጠች። ከሳሎን እስከ ጓዳ ያለው ስድስት እርምጃ ያን ቀን አላልቅ አላት።

*

እናቷ ዑግባድ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የሐጂን ቤት ግድግዳ የሠራው ሰው ሲሚንቶ ሰርቋል ይባላል።

«ሆዮ፣ ቀልድ ነበር» አለች ኢዲል። «ለሊበን ስቀልድ ነው። ለሰው አልነበረም።»

«ቀልዱንማ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ስቄበታለሁ።» ዑግባድ የያዘችውን ሰሐን እየደጋገመች ታብሰዋለች። «እኔ ግን በር ዘግቼ ነው የምስቀው።»

ሐጂ በዐሥር ሰዓት እንደ ወትሮው ወደ ሱቅ ሄዱ። ኢዲል በረንዳው ላይ ወጥታ ደወለች።

«ሰማሽው?» አለ ሊበን። ደስታ አፉን ሞልቶታል። «እኔ ሳልነግርሽ እንድታገኚው ብዬ ነው።»

«አቦ ሰማው።»

«የማን አባት?»

«የኔ አባት፣ ሊበን። ስድስት ሰው መሀል ተቀምጦ ሰማው።»

«ሐጂ ጌም ይጫወታሉ እንዴ?»

«አንተ ድሬ አይደለም ያደግከው? በርጫ ላይ የአንዱ ስልክ የሁሉም ስልክ ነው። በስምንት ወር ይሄ ጠፋብህ?»

«እዚህ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የሚሰማው» አለ፣ ድምፁ እየሟሸሸ። «ለብቻው ነው የሚስቀው። ወላሂ ረሳሁት፣ ኢዲል። ማይኩ ሳይዘጋ የቀረ ቀን የተቀዳ ነው። በኋላ ሳዳምጠው ከጻፍነው ሁሉ በለጠ። ቢሮ ውስጥ ያሉት በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ‹ይቺ ማናት› አሉኝ። ኮራሁብሽ።»

«ሳትጠይቀኝ ኮራህብኝ።»

«አጥፍቻለሁ።»

«ሌላ አለ? ማይኩ ሳይዘጋ የቀረበት?»

የመንገዱ ጫጫታ በስልኩ ውስጥ አለፈ። «የመጨረሻውን ክፍል ተጫወቺ» አለ። «ለአንቺ የጻፍኩት ደብዳቤ እሱ ነው። እኔ ወግ አሳምሬ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ እኔ የምናገረው በር በመሥራት ነው። ተጫወቺውና ትረጂኛለሽ። ዐርብስ? ይቅር?»

«አይቅር» አለች። ይቅር ልትል አፏን ከፍታ የወጣው አይቅር ነበር። ስልኩን ዘግታ በረንዳው ላይ ቁጢጥ አለች። የተቆጣችውን ያህል ናፍቃው ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስለቅሳት ሳትለይ አለቀሰች።

*

ሐሙስ በሰባት ሰዓት፣ ገበያው ተዘግቶ፣ ኢዲል ሱቁ ውስጥ ለብቻዋ ቀረች። ድሮ የሚቀዱበት ቦታ፣ ከመጋረጃ ጨርቁና ከሸማው ጥቅል መሀል ተቀመጠች። ጆሮዋ ላይ ሰካችና ጌሙን ከፈተች።

ሌላው ሰው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እሷ በሁለት ሰዓት ጨረሰችው። የሊበንን አእምሮ እንደ ሰፈሯ መንገድ ታውቀዋለች። መልሱን ሁልጊዜ የሚደብቀው ከተጫዋቹ ጀርባ ነው፤ ሰው ወደፊት እያየ ይደናበራል፣ ቁልፉ ግን በገባበት በር ላይ ተንጠልጥሏል። ሳትወድ ሳቀች። አንድ ቦታ ላይ በሩ የሚከፈተው ተሳፋሪው ሁለት መስታወት ፊት ለፊት አቁሞ መሀላቸው ዝም ብሎ ሲቆም ነው፤ ማሽኗ «ራስህን አየህ፣ ደነገጥክ፣ በሩም አዘነልህ» ትላለች። እሷ የጻፈችው ነበር። ሦስት ዓመት የኖረ ፍቅር በዚያች ስልክ ውስጥ ክፍል በክፍል እየተከፈተላት ሄደ። ልቧ ለሰለሰ። ደብዳቤ ነው ያለው እውነቱን ነው ብላ አሰበች።

ከዚያ የመጨረሻው ክፍል መጣ።

ባቡሩ ቆሟል። አራት መቶ ዓመት የዘገየው ባቡር መብራቱን አብርቶ፣ ታጥቦ፣ በሩን ዘግቶ ቆሟል። በሩ እንዲከፈት ተሳፋሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞት የዞረውን ፋኖስ ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ሲያስቀምጠው የጣቢያው መብራት ሁሉ ይጠፋል። ኢዲል አስቀመጠችው። ጨለመ። ማሽኗ አልተሳደበችም። ቆርቆሮው ተነሳ።

«አትሂድ» አለ የኢዲል ድምፅ።

ኢዲል ድምፁን ከፍ አደረገች።

«ሦስት ወር ትለኛለህ። ሦስት ወር የሚባል ነገር የለም፤ የሄደ ሰው ሁሉ ሦስት ወር ነው የሚለው። አንተ ከሄድክ የምስቅበት ሰዓት አይኖረኝም። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። እባክህ አትሂድ።»

ይህን ያለችው እዚሁ ነበር። ከስምንት ወር በፊት፣ እዚሁ ቁጭ ብላ፣ የሸሚዙን እጅጌ ይዛ። ያን ቀን ውጭ ባጃጅ ሲጮህ ትዝ ይላታል፤ የሱቁ መዝጊያ በንፋስ ሲንኳኳም። አሁን ባጃጁ የለም። መዝጊያውም የለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ታግሦ፣ ከእንባዋ ዙሪያ ያለውን ድምፅ ሁሉ አንድ በአንድ ለቅሞ አውጥቷል። የቀረው ጥርት ያለ ልመና ነው።

ወዲያው ሻንጣ የያዙ ትንንሽ ሮቦቶች ከየጥጉ ብቅ ብለው ተንሰቀሰቁ። መሐረብ አወጡና አፍንጫቸውን እንደ ጥሩምባ ነፉ። የሚያስቅ ነገር ነው። ሐቁን እንናገር ካልን፣ ሌላ ሰው ለምኖ ቢሆን ኢዲል ራሷ ትስቅ ነበር።

ባቡሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ኢዲል አልተሳፈረችም።

ተሳፋሪውን ወደ ኋላ መለሰችው። ፋኖሱን ከሚዛኑ ላይ ልታነሳ ሞከረች፤ አይነሳም። አግዳሚው ላይ ልታስቀምጠው ሞከረች፤ አይቀመጥም። መልሱ ከጀርባ ነው ብላ ወደ ኋላ ዞረች፤ የገባበት በር ግድግዳ ሆኗል። እያንዳንዱን ጥግ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ ፈተሸች። በየደቂቃው ድምፁ «አትሂድ» ይላል፣ ሮቦቶቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። አንድ ሰዓት አለፈ። ላቧ ስልኩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሊበን፣ ለእያንዳንዱ በር ሦስት መውጫ የሚሠራው ሊበን፣ ለዚህ ክፍል የሠራው መልስ አንድ ብቻ ነው። እሱም መሄድ ነው።

በመጨረሻ ተሳፈረች። ባቡሩ ሲርቅ ማሽኗ በቆርቆሮ ድምፅ «መልካም ጉዞ። ለነገሩ እግርህ ይሸት ነበር» አለች። ስክሪኑ ጠቆረ። ነጭ ጽሑፍ መጣ፦ ይህ ጌም ለኢዲል ነው።

ስንት ልጃገረድ ስሟን እንዲህ ተጽፎ ብታየው ታብዳለች። ኢዲል ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ የመቃብር ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እንደሚያነበው፣ ቀኑን እየፈለገች።

*

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አጎትየው አብዱሰመድ ቀደመ፤ በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ሲቀጠቅጥ ያረጀ፣ ትከሻው የበር ያህል የሆነ ሰው ነው። ፋዱማ የበዓል ድሪያዋን ለብሳ ተከተለች። ሊበን ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ደርሷል፤ እንደ ወጉ ግን አልገባም። ከመንገዱ ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ቆሟል።

ሐጂ እንግዶቻቸውን ለመቀበል ተነሱ። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ አብዱሰመድ ሸሚዝ ጫፍ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ጣቶቹ አየር ላይ ተከፍተው ቀሩ። የት ያስቀምጧቸው? ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን እጅ አየው።

«ያዘው ሐጂ» አለ አብዱሰመድ። «ፖሊስተር ነው። እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ከዚያ ሐጂ ሳቁ፤ ደስ የማይል፣ ከጥርስ ያላለፈ ሳቅ፤ ግን ሳቅ ነው። ሁሉም ተቀመጡ።

«ሁለት ቀን አልተኛሁም» አሉ ሐጂ፣ ነገሩ በወጉ ተጀምሮ ጥያቄው ከቀረበ በኋላ። «ልጄ ያለችው ሐሰት ቢሆን እቆጣ ነበር። ከተማው ሁሉ ሲስቅብኝ እኔ ብቻ አልሰማሁም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ሰማሁ። የልጁን ሸሚዝ አላይም። ልጁ ራሱ ይበቃኛል፤ ሊበን።» ስሙን ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነበር። «ልጅቷ ትጠየቅ። እሷ ‹እሺ› ካለች እኔ ብያለሁ።»

ዑግባድ ጓዳ ውስጥ እልልታዋን በጉንጯ ይዛ ነበር። ፋዱማ ዐይኗን ጠረገች። ኢዲል ተጠርታ ገባች፤ አንገቷን አልደፋችም።

«አቦ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት እሱን አንድ ነገር ልጠይቀው።»

ሐጂ አመነቱ። «በሩ ላይ» አሉ። «ከማይሽ ቦታ።»

ሊበን ሲጠሩት እየሮጠ መንገዱን ተሻገረ። ከስቷል። የአዲስ አበባ ብርድ ፊቱን አቅልቶታል። ስትወደው የነበረው የግንባሩ ጠባሳ እዚያው አለ። በሩ መሀል ቆሙ፤ እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ።

«ስለ አባትሽ ገብቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ» አለ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ። «ያንን ክፍል ዛሬውኑ በአፕዴት ከጌሙ አወጣዋለሁ።»

«አቦ ይቅር ብሎሃል።»

«እውነት?» ፊቱ በራ። ከዚያ ዐይኗን አየና ብርሃኑ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። «ታዲያ ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ?»

«የመጨረሻውን ክፍል ጨረስኩት።»

«እና?»

«ሌላ በር አለው? ሳይሄድ የሚቀርበት?»

«የለውም» አለ ግራ ገብቶት። «ካልተሳፈረ እኮ ጌሙ አያልቅም።»

«ድምፄን ማን ነው ያጸዳው?»

«እኔ። ለማንም አልሰጠሁም፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግኩም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባጃጁን አወጣሁ፣ መዝጊያውን አወጣሁ፣ ትንፋሽሽን ብቻ ተውኩት።» ኩራቱ ሳያስበው ድምፁ ውስጥ ገባ። «እንዲህ አድርጌ የሠራሁት ነገር የለም፣ ኢዲል።»

«ስንት ጊዜ ሰማኸው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ ጊዜ።»

«ሦስት መቶ ጊዜ ‹አትሂድ› ስልህ ሰማኸኝ።»

«ኢዲል…»

«ከሦስት መቶው አንዱን ጊዜ፣ አንዱን ብቻ፣ ቦርሳህን አንስተህ ወደ መናኸሪያ ልሂድ አላሰኘህም?»

ሊበን አፉን ከፈተ። መዋሸት ይችል ነበር። «አሰኝቶኛል» ቢላት፣ እኛ ሰፈር ያለነው ሁሉ እንመሰክራለን፣ ታምነው ነበር፤ ልታምነው ቆማ ትጠብቅ ነበር። ግን ሊበን የሚዋሽ ልጅ አልነበረም፤ የተረገመውም በዚሁ ነው። ወደ ኋላ ሄዶ እነዚያን ሦስት ሳምንታት ሲፈትሽ ከዐይኑ ታየ፤ ሰው ዕቃ የጠፋበትን ኪስ እንደሚፈትሽ።

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ።

ኢዲል ራሷን ነቀነቀች። «አውቃለሁ» አለችው። «በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው።»

እጁን ዘረጋ፤ አልነካትም። «እንደገና እሠራዋለሁ። ሌላ በር አደርግለታለሁ። የሚቀርበት።»

«አሁንማ ታደርግለታለህ። መልሱን ነገርኩህ እኮ።»

ዞራ ገባች። ሳሎን ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ ጠበቃት። የበሩን መቃን ያዘችና «አይሆንም» አለች።

ዑግባድ ጉንጯ ውስጥ የያዘችውን እልልታ ዋጠችው። ሐጂ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ነያ፣ ልጄ፣ በእኔ የተነሳ ከሆነ…»

«በአንተ አይደለም፣ አቦ። በፍጹም።»

ፋዱማ ማንም ሳይጠብቅ ተነስታ መጣችና የኢዲልን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ የሽንኩርት ነው፣ ሻካራ። «አባቱም እንዲሁ ነበር» አለቻት በጆሮዋ። «እያለቀሰ ይሄዳል። ግን ይሄዳል።» ኢዲል ያን ጊዜ ነው የተሸነፈችው። የወደደችውን ሰው እምቢ ብላ፣ በእናቱ ትከሻ ላይ ተንሰቀሰቀች፤ የአገሬው ሽማግሌ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ እንደ ሁልጊዜው ተከፈተ። ሐጂ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የመስቢሐቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ፤ ኢዲል መጋረጃ ጨርቅ ትዘረጋለች። ኪዮስኩ ፊት ለፊት እንደተዘጋ ነው፤ ሊበን ዐርብ ማታውኑ ተመልሶ ሄዷል አሉ፤ ሥራ አለበት።

አንዲት ሴት ገባች፤ ካውሰር ትባላለች፣ ከሳምንት በኋላ የምታገባ። ቀይ ጨርቅ አስወረደች፣ አረንጓዴ አስወረደች፣ ስለ ስፋቱ ጠየቀች። ኢዲል ስትመልስላት ሴትዮዋ ጨርቁን ጣል አድርጋ ዐይኗን አፈጠጠች።

«ነያ፣ አንቺ ነሽ አይደል? የባቡሯ ሴትዮ። ድምፅሽ እኮ ነው።»

ሐጂ መስቢሐቸውን መቁጠር አቆሙ።

«እጮኛዬ ጌሙን ከእጁ አይለየውም። መጨረሻው ላይ በሳቅ ልንሞት ነው። በአላህ ይሁንብሽ፣ እንዴት ነው የምትይው? አንዴ በይልኝ፤ ለሠርጌ ስጦታ።»

ኢዲል መቀሱን አስቀመጠች። ለምን እንዳደረገችው በኋላም አላወቀችም። ምናልባት ቃሉ አሁንም የእሷ መሆኑን ልትፈትሽ ይሆናል።

«አትሂድ» አለች። «እባክህ አትሂድ።»

ካውሰር ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ሰማች፤ ትንሽ አሰበችና ከንፈሯን ሸርመም አደረገች።

«አይ» አለች በቅን ልቦና። «የጌሙ ይሻላል። ያኛው ከልብ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለች ኢዲል፤ ጨርቁንም ትለካላት ጀመር።